ቀስት፣ ኢላማና የአዳኝ ዕዳ

ነሐሴ በአገራችን የመዘጋጃ ወር ነው። ምእመናን ፍልሰታን ይጾማሉ፤ እረኞች ለቡሄ ጅራፍ ገምደው በየኮረብታው ያስጮኻሉ፤ እናቶች ለዘመን መለወጫ ጌሾና ብቅል ያሰናዳሉ። በስደት በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ነሐሴ የሌላም ዝግጅት ወር መሆኑን ግን ከመካከላችን ልብ ያለው ጥቂቱ ነው። በሜሪላንድ አጋዘን በቀስት የሚታደንበት ወራት የሚከፈተው በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ማለትም በእንቁጣጣሻችን ዋዜማ ገደማ ሲሆን እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። በቨርጂኒያ በኩልም በከተሞች ዙሪያ የሚፈቀደው የቀስት አደን በዚያው ሰሞን ይጀምራል። ስለዚህ ነሐሴ ሲገባ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድርያ ባሉት ሰፈሮች፣ ቀስተኛው በጓሮውና በመለማመጃ ሜዳው ኢላማ ተክሎ ፍላጻውን ይሞክራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንስሳውንም አጋዘን የምለው እዚህ ያለነው ሁላችን እንደዚያ ስለምንጠራው ነው፤ የአገራችን አጋዘን ቀንደ ጥምዙ፣ የዚህኛው የቅርብ ዘመድ አይደለም።)

ከአገር ልጆች አንዱ በዚህ ወር ቀስት ሲለማመድ ያየው ሌላ ወዳጄ፣ «ዶክተር፣ ይህ እኮ የእኛ መሣሪያ አይደለም፤ የእኛ ጦርና ጋሻ ነው» ብሎኝ ነበር። አነጋገሩ የብዙዎቻችንን እምነት ያሳያል። ቀስት የእንግሊዞች፣ የሞንጎሎች፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው እንላለን፤ የአበሻ ታሪክ ሲነሣ በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ባለጦሩ ፈረሰኛ ነው፤ ከዚያም ባለጠመንጃው የዓድዋ ዘማች። ይህ እምነት ትክክል እንዳልሆነ፣ ስሕተቱም ከመሣሪያ ጉዳይ አልፎ በታሪካችን ውስጥ ማን ይቆጠራል፣ ማን ይዘነጋል ወደሚለው ጥያቄ እንደሚያደርሰን ለማሳየት እሞክራለሁ። ቀስተኛው ከአደን በፊት የሚያደርገው ልምምድም ከጨዋታ የከበደ ግዴታ መሆኑን ሐኪም እንደ መሆኔ የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ምስክርነቱን ከገዛ ቋንቋችን እንስማ። ጠመንጃ ወደ ሰው ሲቃጣ «ደገነበት» እንላለን። ይህ ግስ ከጠመንጃ በፊት የነበረ ነው፤ ከደጋን ጋር አንድ ሥር አለው፤ ደጋን ደግሞ ቀስት ነው። ያው ደጋን በእናቶቻችን እጅ የጥጥ መንደፊያ ሆኖ እስከ ዘመናችን ደርሷል። «መንደፍ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። በግእዝ ነደፈ ማለት በፍላጻ ወጋ፣ ወረወረ ማለት ሲሆን ነዳፊ ቀስተኛው ነው፤ በአማርኛ ግን ንብ ትነድፋለች፣ ጥጥ ይነደፋል፣ ቀስተኛው ከትርጉሙ ወጥቷል። በሰማይ የምናየውን ኅብረ ቀለም ስንኳ የምንጠራው ቀስተ ደመና ብለን ነው። መሣሪያው ከእጃችን ቢወጣ ከአፋችን አልወጣም። ቀስት የማያውቅ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቋንቋ አይኖረውም።

የምድራችንም ምስክርነት ከዚህ የራቀ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው በጋደሞታ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ የድንጋይ ስለቶች፣ በ2013 በወጣ ጥናት መሠረት፣ ከ279,000 ዓመት በፊት በእጅ የሚወረወር ጦር ጫፍ ሆነው ያገለገሉ ናቸው። ቀስት ራሱ ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ በሲቡዱ ዋሻ የተገኙትና የፍላጻ ጫፍ ናቸው የሚባሉት ስለቶች 64,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ከርቀት አነጣጥሮ መምታት እንግዲህ በአፍሪካ የተወለደ ሙያ ነው።

በጽሑፍ ታሪክ ዘመን የጥንት ግብፃውያን ከደቡባቸው ያለውን የኑብያን ምድር «ታ-ሴቲ» ብለው ጠሩት፤ ትርጉሙ የቀስት አገር ማለት ነው። ሄሮዶቱስ በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲጽፍ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለፋርሱ ንጉሥ ለካምቢሰስ ትልቅ ቀስት ላከለት፣ ፋርሳውያን ይህን የመሰለ ቀስት በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይዝመቱብን ብሎ መልእክት ሰደደበት ይላል። ያው ጸሐፊ በሌላ ስፍራ፣ ከዘርክሲስ ጋር የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከዘንባባ እንጨት የተሠራ፣ ከአራት ክንድ የማያንስ ቀስት እንደ ያዙ፣ ፍላጻቸውም አጭር ሸምበቆ ሆኖ ጫፉ የተሳለ ድንጋይ እንደ ነበረ ይነግረናል። እርግጥ ነው፣ የሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ በይበልጥ የኩሽና የመርዌ ምድር ናት፤ ያን ሁሉ ጠቅልለን የእኛ ብቻ ማድረግ የታሪክ ሐቅ አይደለም። ነገር ግን አክሱም ከመርዌ ጋር ጎረቤት ነበረች፤ ዒዛናም በአራተኛው መቶ ዓመት እዚያ ዘምቷል፤ በመካከላችን ግንብ አልነበረም።

በመርዌ መቃብሮች ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ቀስተኛው በአውራ ጣቱ የሚያጠልቃቸው የድንጋይ ቀለበቶች አሉ። አውታሩ በየዕለቱ ጣትን ስለሚልጥ ነው። እነዚህ ቀለበቶች ሙያው የዕለት ሙያ መሆኑን ይመሰክራሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቀስት የሚያነሣ ሰው የድንጋይ ቀለበት አያስፈልገውም። በሰባተኛው መቶ ዓመት የዐረብ ጦር ወደ ኑብያ ዘልቆ በዶንጎላ ላይ ሲዋጋ የገጠመው የዚህ ልምምድ ፍሬ ነበር። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ኑብያውያንን «የዓይን ብሌን መቺዎች» ብለው የጠሩት ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ዓይናቸው በፍላጻ ስለ ጠፋ ነው። በ652 የተደረገው፣ «ባቅት» የሚባለው ስምምነት የኑብያን ክርስቲያናዊ መንግሥት ለብዙ መቶ ዓመታት አቆይቷል። አንድ መንግሥት በፍላጻ አነጣጣሪዎቹ ብቃት ዕድሜ ማግኘቱን ልብ ይሏል።

በእኛም ደጋ በመካከለኛው ዘመን ቀስት አልጠፋም ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊው አል-ዑመሪ የሐበሻን ጦር መሣሪያ ሲዘረዝር ቀስትና ፍላጻን ከሰይፍና ከጦር ጋር ይቆጥራል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ፣ «ማያ» የተባሉ፣ መርዝ የተቀባ ፍላጻ የሚወረውሩ ተዋጊዎች እንደ ነበሩ ይናገራል። ይሁንና ያ ጦርነት ራሱ የሌላ ዘመን መግቢያ ሆነ። ኢማሙ በ1529 በሽምብራ ኩሬ ድል ያደረገው፣ በ1543 ደግሞ በወይና ደጋ የወደቀው ባሩድ በተሰማበት ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ የባላባቱ ክብር በጦር፣ በጋሻና በፈረስ፣ ቀጥሎም በጠመንጃ ላይ ዐረፈ። ቀስት ከግብር አዳራሹ ወጣ፤ ከፉከራውም ወጣ።

ከአገር ግን አልወጣም። በምዕራብ በጉሙዝ ዘንድ፣ በደቡብ በቦረና ምድር በዋታ አዳኞች ዘንድ ኖረ። ታሪካችን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቀስቱን የጠበቁት ሕዝቦች መሃል አገሩ የናቃቸው ናቸው። የምዕራቡ ቆላ ሰው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ የባሪያ ፈንጋይ መጫወቻ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ዋታም በጎረቤቶቹ ዘንድ እንደ ዝቅተኛ ወገን ሲታይ ኖሯል። እንግዲህ «ቀስት የእኛ አይደለም» ስንል፣ ሳናስበው፣ «ቀስት የያዘው ሰው የእኛ አይደለም» ማለታችን ነው። የአገር ታሪክ በባለጠመንጃው ዓይን ብቻ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ጎደሎ ይፈጠራል። የአያቶቻችንን ደጋን ፍለጋ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው በነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ዕውቀታቸውም ቀላል አልነበረም። በአማርኛ መረንዝ የሚባለውን ዛፍ እናውቃለን። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ዘንድ የዚህ ዛፍና የዘመዶቹ ቅርፊትና እንጨት ተቀቅሎ የፍላጻ መርዝ ይሆናል። ሶማሌዎች መርዙን ዋባዮ ይሉታል። በ1888 ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርኖ ከዚሁ ወገን ዛፍ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ፤ ከሶማሊኛው ቃል ወስዶም ኡዋባይን ተባለ። በመጠን ሲሰጥ የደከመን ልብ የሚያበረታ፣ ከመጠን ሲያልፍ የሚያቆም መድኃኒት ነው፤ በአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ በደም ሥር ሰጥተውታል። በእያንዳንዱ ሴላችን ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያመላልሰውን ፓምፕ ሥራ ለማጥናትም ዋና መሣሪያ ሆኗል፤ ፓምፑን ያገኘው ዴንማርካዊው ስኩ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እኔና የሙያ ጓደኞቼ በውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ኡዋባይን ስንማር፣ ዕውቀቱ ከቀስተኛ አዳኝ የተነሣ መሆኑን የነገረን መምህር አልነበረም።

አሁን ወደ ልምምዱ እንመለስ። ቀስተኛ በአንድ ሰሞን አይሠራም። እንግሊዞች ይህን ስላወቁ ንጉሣቸው ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1363 ዜጎቹ በበዓላት ቀን ሌላውን ጨዋታ ትተው ቀስት እንዲለማመዱ አዘዘ። በ1545 በሰመጠችው «ሜሪ ሮዝ» በተባለችው የጦር መርከብ ውስጥ የተገኙትን አጥንቶች የመረመሩ ሊቃውንት፣ በትከሻ ጫፍ ያለው አጥንት ሳይገጥም የቀረባቸው ሰዎች ከተለመደው በዝተው አግኝተዋል። ይህም ከልጅነት ጀምሮ ከባድ ቀስት ከመሳብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ልምምድ በአጥንት ላይ ሳይቀር ይጻፋል። በመጽሐፍ ቅዱስም ዮናታን ዳዊትን ለማስጠንቀቅ የመረጠው ዘዴ ኢላማ የሚለማመድ መስሎ ፍላጻ መወርወር ነበር፤ የንጉሥ ልጅ ብላቴና አስከትሎ በሜዳ ላይ ቢለማመድ ማንም አይጠረጥረውም ነበርና።

እኛም ይህን ጥበብ በሌላ መልክ አውቀነዋል። ጉግስ ማለት ይኸው ነው። ፈረሰኛው በጥምቀት ሜዳ ስለት የሌለው ዘንግ ይወረውራል፤ ሌላው በጋሻው ይመክታል፤ ጦርነት ሲመጣ እጁ ሥራውን ያውቃል። ጠመንጃ ሲስፋፋ ግን ልምምዱ ተወደደ። ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የሚመነዘር ገንዘብ በነበረበት ዘመን ለኢላማ ብሎ የሚያባክነው ማን ነው? የተወረወረ ፍላጻ ተነቅሎ ይመለሳል፤ የተተኮሰ ጥይት አይመለስም። ቀስት ለድኻው አዳኝ የሰጠው ትልቁ ጸጋ ደጋግሞ መሳትና መታረም መቻሉ ነው።

ይህ የምንኖርበት ምድርም የቀስተኞች ምድር ነበር። በፖቶማክ ወንዝ በሜሪላንድ በኩል የፒስካታዋይ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ በቨርጂኒያ በታች በኩል ደግሞ የፖሃታን ሕዝቦች ነበሩ። በ1607 እንግሊዞች ጄምስታውንን ሲቆረቁሩ አብሯቸው የነበረው ጆርጅ ፐርሲ ያየውን ጽፏል። ከእንግሊዞቹ አንዱ በጋሻው ተማምኖ ከዛፍ ጋር አቆመውና አንዱን የአገሩን ሰው ወርውር አለው። ፍላጻው፣ ሽጉጥ ያልበሳውን ጋሻ አንድ ጫማ ያህል ዘልቆ ወጣ። ቀጥለው የብረት ጋሻ አቆሙለት፤ ፍላጻው ተሰባበረ። ሰውየው ሌላ ፍላጻ አውጥቶ በጥርሱ ነክሶ፣ በታላቅ ቁጣ ጥሏቸው ሄደ። በዚህ አገር ስለ ኢላማ ልምምድ ከተጻፉት ቀደምት ወሬዎች አንዱ ይህ ነው፤ የሚመጣውንም ዘመን በአጭሩ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ደኑ ተመነጠረ፤ ተኩላው ጠፋ፤ አጋዘኑም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በሕግ ጥበቃ ተመልሶ በዛ፤ የሚበላው አውሬ ስለሌለም ከመጠን በላይ በዛ። ዛሬ ሥጋቱ የመኪና ግጭትና የደን ቡቃያ መበላት ነው፤ በክሊኒክም ያንኑ አጋዘን ተከትላ በምትኖር መዥገር የሚተላለፈውን የላይም በሽታ እናያለን። የፌርፋክስ ካውንቲ የአጋዘን ቁጥጥር መርሐ ግብሩን በ1998 አቋቁሞ ኋላ ቀስተኞችን አስገባ፤ በመሃል ዋሽንግተን በሮክ ክሪክ ፓርክ በ2013 በጠመንጃ መቀነስ ተጀመረ፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲም በፓርኮቹ ውስጥ የቀስት አደን ፈቅዷል። በሁለቱ ካውንቲዎች መርሐ ግብር ለመግባት ቀስተኛው አስቀድሞ በኢላማ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ኤድዋርድ ሦስተኛ በአዋጅ ያዘዘውን የዛሬው ካውንቲ በፈተና ይጠይቃል።

ፈተናው የሚገባ ነው። ፍላጻ የሚገድለው እንደ ጥይት በድንጋጤ ኃይል ሳይሆን ደም በማፍሰስ ነው። የተሳለው ስለት በሳንባና በልብ በኩል ካለፈ እንስሳው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። በሆድ በኩል ካለፈ ግን ለሰዓታት ይሠቃያል፤ አዳኙም ላያገኘው ይችላል። ጆሴፍ ቢል የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቀዶ ጠጋኝ በ1862 ስለ ፍላጻ ቁስል ባሳተመው ጽሑፍ የሆድ ቁስልን አስከፊነት ስለ ሰው ጽፎታል፤ የእንስሳው ሥጋ ከዚህ የተለየ አይደለም። የአጋዘን የሞት ስፍራ አንድ ድስት ክዳን የምታህል ክብ ናት። ፍላጻው በሴኮንድ 85 ሜትር ቢበር 30 ሜትር ለመድረስ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን በአሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ ቀድሞ ጆሮው ይገባል። በቀረው ሩብ ሴኮንድ የደነገጠ አጋዘን ከአንድ ስንዝር በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ከስንት ሜትር እመታለሁ?» ሳይሆን «ከስንት ሜትር በላይ እተዋለሁ?» የሚለው ነው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው የሙያ ባልደረባዬ ልበለው፣ ሳክስተን ፖፕ የተባለ የካሊፎርኒያ ቀዶ ጠጋኝ ነው። በ1911 ከያሂ ሕዝብ የተረፈው የመጨረሻው ሰው፣ ኢሺ ተብሎ የተጠራው፣ ከተራራ ወርዶ ዩኒቨርሲቲው ባስጠለለው ጊዜ ፖፕ ሐኪሙ፣ ቀጥሎም ወዳጁና ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ በ1923 ስለ ቀስት አደን ያሳተመው መጽሐፍ የዛሬውን የአሜሪካ ቀስተኛ ሁሉ የወለደ ነው ማለት ይቻላል። ፖፕ የታዘበው ነገር አስተማሪ ነው፤ ኢሺ በሩቅ በተተከለ የስፖርት ኢላማ ላይ ብዙም አልነበረም፤ በአደን ግን ጸጥ ብሎ እጅግ ተጠግቶ ይመታ ነበር። ሕዝቡ በአብዛኛው በጠመንጃ ያለቀበት ሰው፣ ካለቁበት ወገን ለሆነ ሐኪም የአባቶቹን ዕውቀት ሰጥቶ አለፈ። ከዚህ የበለጠ የታሪክ አደራ አላውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የነሐሴ ልምምድ ሥርዓት ቀላል ነው። ትከሻ በአንድ ሳምንት አይጠነክርም፤ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ በነሐሴ 27 ኪሎ የሚጎትት ቀስት በድንገት የሚያነሣ ሰው የትከሻውን ጅማት ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። በፀደይ በቀላል ቀስት መጀመር ይገባል። ለአደን የሚያዘው ስለታም ጫፍ ከመለማመጃው ጫፍ ጋር አንድ ዓይነት ላይበር ስለሚችል ሰሞኑ ሳይደርስ መሞከር አለበት። በዛፍ ላይ ተቀምጦ የሚያድን ሰው ከከፍታ ይለማመድ፤ ወገቡን አጥፎ እንጂ ክንዱን ብቻ ዝቅ አድርጎ አያነጣጥር። ከሁሉ በላይ በአደን የምትቆጠረው የመጀመሪያዋ ፍላጻ ናት። ሰውነት ሳይሟሟቅ፣ በየማለዳው፣ አንዲት ፍላጻ ብቻ ወርውሮ ውጤቷን መመዝገብ ሃምሳ ፍላጻ ከመበተን ይበልጣል።

በመጽሐፈ ነገሥት አንድ ሰው ቀስቱን እንዲያው በደፈናው ስቦ የለቀቃት ፍላጻ በጥሩሩ መጋጠሚያ ገብታ አክዓብን ገደለችው። ያ የእግዚአብሔር ፍርድ ነበር፤ አዳኝ ግን በእንዲህ ያለ ዕድል እንዲያምን አልተፈቀደለትም። ዋላና አጋዘን በኦሪት ከሚበሉት ተቈጥረዋል፤ ይሁን እንጂ ነፍስ በደም ውስጥ መሆኗንም ያው ኦሪት ያስተምራል። ልምምድ ማለት ለማይናገር ፍጡር አስቀድሞ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ለታሪክም ያለብን ዕዳ ከዚህ አይለይም። የአገር ልጆች በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቀስት ቢያነሡ ባዕድ ነገር አላነሡም። ልጆቻቸው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቋቸው ስለ ጉሙዙ ቀስተኛና ስለ ዋታው አዳኝ፣ ስለ መረንዝ ዛፍ፣ ስለ ዶንጎላ አነጣጣሪዎች ይንገሯቸው፤ አያታቸው ጥጥ የነደፉበትንም ደጋን ይጨምሩበት። እነዚህን ሰዎች ከታሪካችን ውጭ አድርገን የጻፍነው እኛው ነን፤ መልሰን የምናስገባቸውም እኛው መሆን ይገባናል።